ድመትን ከፀጉር ጥቅል ለመጠበቅ በቤት ውስጥ ምን ማድረግ ይቻላል?

ጥያቄ፦ «ረጅም ፀጉር ያላት የአምስት ዓመት ድመት አለችኝ። ከቤት አትወጣም፤ የምትመገበውም ደረቅ የድመት ምግብ ብቻ ነው። ቀደም ሲል በሁለት ወይም በሦስት ወር አንድ ጊዜ የፀጉር ጥቅል ታስመልስ ነበር። ካለፈው ወር ወዲህ ግን በየሳምንቱ ያስመልሳታል፤ አንዳንድ ጊዜም አጎንብሳ፣ አንገቷን ዘርግታ ስትታገል ትቆይና ምንም ሳይወጣላት ይቀራል። ምግቧን ትበላለች፣ ትጫወታለችም። አንዱ የወይራ ዘይት በሲሪንጅ ስጫት ይለኛል፣ ሌላው ቅቤ፣ ሌላው ወተት፣ ሌላው ቫዝሊን። ከእነዚህ ውስጥ የሚሠራውና የማይጎዳት የትኛው ነው?»

ምላሽ፦

ከዘረዘሯቸው አራት ነገሮች ሦስቱን፣ ማለትም ዘይቱን፣ ቅቤውንና ወተቱን እንዲተዉ እመክራለሁ። በተለይ ዘይት በሲሪንጅ ወደ ድመት አፍ መጨመር ሕይወቷን ለአደጋ ሊያጋልጥ ስለሚችል ጨርሶ አይሞክሩት። ቫዝሊን በጥቂቱና ለአጭር ጊዜ ሊሰጥ ይችላል፤ ይሁን እንጂ ዋናው መፍትሔ እሱም አይደለም። በቤት ውስጥ ሊደረግ ከሚችለው ሁሉ ውጤቱ የላቀው ፀጉሩ ወደ ሆዷ ከመግባቱ በፊት በማበጠሪያ መሰብሰብ ነው። ከዚህም ጋር ከጥያቄዎ ውስጥ ሁለት ነገሮች አሳስበውኛል። አንደኛው በወራት ልዩነት ይከሰት የነበረው ነገር በአንድ ጊዜ በየሳምንቱ መሆኑ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ምንም የማይወጣበት ትግል ነው። ሁለቱም በቤት መላ ብቻ ሊታለፉ የሚገባቸው ስላልሆኑ ኋላ ላይ እመለስባቸዋለሁ።

በመጀመሪያ ፀጉሩ እንዴት እንደሚጠራቀም ማወቁ የትኛው መላ እንደሚሠራ፣ የትኛውም እንደማይሠራ ለመለየት ይረዳል። የድመት ምላስ ፊቱ ወደ ጉሮሮ በተቆለመሙ፣ በመቶዎች በሚቆጠሩ ጠንካራ እሾህ መሰል ነገሮች የተሸፈነ ነው። ድመቷ ራሷን በምትልስበት ጊዜ የረገፈው ፀጉር በእነዚህ ይያዛል፤ አቅጣጫቸው ወደ ውስጥ ስለሆነም መትፋት አትችልም፣ ያላት ምርጫ መዋጥ ብቻ ነው። ፀጉር የሚሠራው ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን ሲሆን የድመት ጨጓራ ይህን ፕሮቲን ሊፈጭ አይችልም። በጤነኛ ድመት ውስጥ አብዛኛው የተዋጠ ፀጉር ከምግቡ ጋር እየተቀላቀለ በአንጀት አልፎ ከሰገራ ጋር ይወጣል። የተወሰነው ግን በጨጓራ ውስጥ ይቀራል፤ ምክንያቱም ሰውና ውሻ ሆዳቸው ባዶ ሲሆን የተረፈውን ጠርጎ ወደ አንጀት የሚያወርድ ብርቱ የጨጓራ እንቅስቃሴ ሲኖራቸው የድመት እንቅስቃሴ ግን ከዚህ የደከመ ነው። የቀረው ፀጉር እርስ በርሱ እየተጠላለፈ ይተልቅና በመጨረሻ ይመለሳል። በጠባቡ የምግብ ቧንቧ ተጨምቆ ስለሚወጣም ቅርጹ ክብ ሳይሆን ሾጠጥ ያለና ረዘም ያለ ይሆናል፤ ብዙ ሰዎች መሬት ላይ ሲያገኙት ሰገራ የሚመስላቸው ለዚህ ነው።

ከዚህ የምንረዳው ድመት አልፎ አልፎ የፀጉር ጥቅል ብታስመልስ፣ በተለይም ፀጉረ ረጅም ከሆነች፣ በራሱ በሽታ አለመሆኑን ነው። መጠኑ ሲጨምር ግን ከሁለት ነገሮች አንዱ ተለውጧል ማለት ነው፤ ወይ ከቀድሞው የበዛ ፀጉር እየዋጠች ነው፣ ወይም ጨጓራዋና አንጀቷ ፀጉሩን እንደ ቀድሞው እያሳለፉት አይደለም። የመጀመሪያው ከሆነ መነሻው የፀጉር መርገፍ መጨመር፣ ቁንጫ፣ የቆዳ አለርጂ፣ ጭንቀት ወይም ሕመም ሊሆን ይችላል፤ ለምሳሌ ፊኛዋን የሚያማት ድመት የሆዷን የታችኛ ክፍል ያለማቋረጥ ትልሳለች። ሁለተኛው ከሆነ ደግሞ ምግብ አለመስማማት፣ የቆየ የአንጀት ብግነት፣ አንዳንዴም ከዚያ የከበደ የአንጀት በሽታ ከጀርባ ሊኖር ይችላል። «ፀጉር ነው» ተብሎ ለወራት በቅባት ሲታከም የኖረ ችግር በምርመራ የአንጀት ብግነት ሆኖ መገኘቱ በእንስሳት ሕክምና ሙያችን የተለመደ ነው። ስለዚህ ፀጉሩን እንደ ምልክትም መመልከት ይገባል።

ዛሬ ማታ ቤትዎ ሆነው ሊያደርጉት የሚችሉት አንድ ቀላል ምርመራ አለ። ጥርሱ በጣም ጥቅጥቅ ባለ የቁንጫ ማበጠሪያ ከጅራቷ ሥር፣ ከወገቧና ከአንገቷ ዙሪያ ያለውን ፀጉር ያበጥሩና የተሰበሰበውን በረጠበ ነጭ ወረቀት ላይ ያራግፉት። ጥቃቅን ጥቁር ፍርፋሪዎች ካገኙና ውኃው ሲነካቸው ወደ ቀይ ቡናማ ቀለም ከተለወጡ የቁንጫ እዳሪ ነው፤ ቀለሙ የመጣው ቁንጫው ከመጠጠው ደም ነው። ቁንጫውን ራሱን ባለማየትዎ አይዘናጉ፣ አዘውትራ የምትልስ ድመት ቁንጫዎቹን ለቅማ ስለምትውጣቸው ብዙ ጊዜ አይታዩም። ከቤት የማትወጣ መሆኗም ዋስትና አይሆናትም፤ ቁንጫ በሰው ልብስና በሌላ እንስሳ ላይ ተሳፍሮ ይገባል። ካገኙ ለድመት ተብሎ የተዘጋጀ መድኃኒት ከእንስሳት ሐኪም ይውሰዱ። ለውሻ የተዘጋጁ ብዙ የቁንጫ መድኃኒቶች ፐርሜትሪን የሚባል ንጥረ ነገር አላቸው፤ ይህ ለድመት መርዝ ነው፣ መንቀጥቀጥና መንዘፍዘፍ አስከትሎ ሊገድል ይችላል። ነጭ ሽንኩርት ቁንጫ ያባርራል የሚለው ምክርም ከዚህ ጋር ስለሚነሳ አብሬ ልጥቀሰው፦ ነጭም ሆነ ቀይ ሽንኩርት፣ ጥሬም ሆነ የበሰለ፣ የድመትን ቀይ የደም ሴሎች ያፈርሳል።

በዚያው የፀጉሯን ሁኔታ ይዳስሱ። በሆዷ፣ በጭኗ ውስጠኛ ክፍል ወይም በጎኗ ላይ ፀጉሩ ሳስቶ ጫፉ እንደ ተቆረጠ ሻካራ ሆኖ ከተገኘ፣ ከሥሩ የረገፈ ሳይሆን በምላስ ብዛት የተሰበረ ነው። ይህ ከታየ ማሳከክ፣ ሕመም ወይም ጭንቀት አለ ማለት ነውና መነሻው እስካልተገኘ ድረስ ማበጠርም ሆነ ምግብ መቀየር ጥቅሙ ግማሽ ይሆናል።

አሁን ወደ ማበጠሩ ልምጣ። ረጅም ፀጉር ያላት ድመት በየቀኑ መበጠር አለባት፤ ለአጭር ፀጉሯ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ይበቃታል። ብዙ ባለቤቶች እናበጥራታለን ሲሉ ጀርባዋን ብቻ በለስላሳ ብሩሽ መዳሰሳቸው ነው። ይህ ላይ ላዩን ያሳምራል እንጂ ከሥር ያለውን ስስ ፀጉር አያወጣም፤ ከሁሉ በላይ የሚረግፈውና የሚዋጠው ደግሞ ይኸው የውስጥ ፀጉር ነው። የሚያስፈልግዎ ጥርሱ ሰፋ ያለ፣ ጫፉ የደነዘ የብረት ማበጠሪያ ነው። በመጀመሪያ በእሱ በፀጉሩ አቅጣጫ፣ ከቆዳው ሥር ጀምረው ቀስ ብለው ያበጥሩ፣ ቀጥሎ ጠበብ ባለው ይድገሙት። ፀጉር በብዛት የሚቋጠርባቸው ቦታዎች ብብት፣ ከጆሮ ጀርባ፣ ሆድ፣ የኋላ እግሮች መሐልና ከጅራት ሥር ናቸው፤ እነዚህ ደግሞ ድመት ማስነካት የማትወዳቸው ቦታዎች ናቸው። ስለዚህ በአንድ ጊዜ ለመጨረስ አይሞክሩ። ዛሬ ጀርባና አንገት፣ ነገ አንድ ጎን ብቻ፣ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ያህል፣ ጅራቷን መወዝወዝ ወይም ጆሮዋን ወደ ኋላ ማጠፍ ከመጀመሯ በፊት ያቁሙና የምትወደውን ትንሽ ጉርሻ ይስጧት። በዚህ መንገድ የለመደች ድመት ከሳምንታት በኋላ ሆዷን ሳይቀር ትፈቅዳለች፤ አንድ ጊዜ በግድ ተይዛ የተበጠረች ግን ማበጠሪያውን ስታይ መደበቅ ትለምዳለች፣ ያንን ለማስረሳት ደግሞ ብዙ ጊዜ ይወስዳል።

በዚህ ሥራ ውስጥ ብዙዎች የሚዘሉት አንድ ነገር አለ፤ እኔ ግን ከማበጠሩ እኩል አየዋለሁ። ማበጠሪያ የላላውን ፀጉር ከቦታው ያነቃንቃል፣ የተወሰነውንም ሳይይዘው ላይዋ ላይ ይተወዋል። ድመት ደግሞ እንደተበጠረች ወዲያው ራሷን መላስ ትጀምራለች። ስለዚህ እንደጨረሱ እጅዎን በውኃ ትንሽ አርጥበው ወይም በደንብ በተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ ከራሷ እስከ ጅራቷ ሁለት ሦስት ጊዜ ይጥረጓት፤ የቀረው ፀጉር በዚያ ይሰበሰባል። ጨርቁ ላይ ሽቶ ያለው ሳሙናም ሆነ መዓዛማ ዘይት አይጨምሩ፣ የተቀባችው ሁሉ በመጨረሻ ወደ አፏ ይገባልና። የምትተኛበትን ጨርቅም አዘውትረው ያጽዱ። ቤት ውስጥ ሌላ ድመት ካለና እርስ በርሳቸው የሚላላሱ ከሆነ አንዷን ብቻ ማበጠር ብዙም አይጠቅምም፣ የጓደኛዋንም ፀጉር ስለምትውጥ ሁለቱም ይበጠሩ።

ፀጉሩ ከተቋጠረ በመቀስ ለመቁረጥ አይሞክሩ። የድመት ቆዳ ስስና ልል በመሆኑ ከቋጠሮው ጋር አብሮ ይነሳል፤ ፀጉር የቆረጡ ሲመስልዎት ቆዳ ይቆርጣሉ፣ ይህን ዓይነት ቁስል መስፋት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ትንንሹን ቋጠሮ በጣትዎ እየለያዩ ከጫፉ ወደ ሥሩ ቀስ በቀስ ይፍቱት፣ የጠበቀውን ግን በኤሌክትሪክ መላጫ ባለሙያ ያንሣላችሁ። መበጠርን በፍጹም እምቢ ለምትል ረጅም ፀጉር ላላት ድመት በዓመት ውስጥ በተወሰኑ ጊዜያት በባለሙያ አሳጥሮ መላጨት ተገቢ አማራጭ ነው። የፀጉር መርገፍ ከብርሃን ርዝመት ጋር የተያያዘ ስለሆነ ከቤት የማይወጡና በኤሌክትሪክ ብርሃን ሥር የሚኖሩ ድመቶች በወቅት ሳይወሰኑ ዓመቱን ሙሉ ይረግፋሉና የእርስዎም ድመት «የመርገፊያው ወቅት አልፏል» ተብሎ ማበጠሩ አይቋረጥባት።

ሁለተኛው ትልቅ ነገር አመጋገቧ ነው። ደረቅ የድመት ምግብ የውኃ መጠኑ በመቶኛ ወደ 10 ገደማ ሲሆን እርጥቡ ምግብ ግን ከ70 እስከ 80 ይደርሳል። ድመት በተፈጥሮዋ ውኃ አብዝታ የምትጠጣ እንስሳ አይደለችም፣ በደረቅ ምግብ ላይ ስትኖርም ጉድለቱን በመጠጣት ሙሉ በሙሉ አታካክሰውም። ውኃ ፀጉርን አያሟሟም፤ ነገር ግን በቂ ውኃ ያገኘ አንጀት ይዘቱን በቀላሉ ያንቀሳቅሳል፣ የሆድ ድርቀትም ይቀንሳል። ስለዚህ ከሐኪሙ ጋር ከተነጋገሩ በኋላ ከዕለት ምግቧ ቢያንስ የተወሰነውን ወደ እርጥብ ይለውጡ፣ ለውጡንም ከሰባት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ በጥቂት በጥቂቱ ያድርጉት። ካልለመደችው ምግብ ጋር እንድትስማማ ብለው ግን አያስርቧት። ድመት፣ በተለይ ወፍራም ድመት፣ ለሁለትና ለሦስት ቀናት ሳትበላ ከቆየች ስብ በጉበቷ ውስጥ ተከማችቶ ለሞት የሚያደርስ በሽታ ሊይዛት ይችላል። የውኃ ሳህኖችን በተለያዩ ክፍሎች፣ ከምግቧና ከመጸዳጃ አሸዋዋ ራቅ አድርገው ያስቀምጡ፤ ሰፊ አፍ ያላቸው ቢሆኑ ይመረጣል። የዕለት ምግቧን ሳይጨምሩ በአንድ ወይም በሁለት ጊዜ ፈንታ ለአራት ወይም ለአምስት ጊዜ ከፋፍሎ መስጠትም ይረዳል፣ ፀጉሩ ሳይጠራቀም በጥቂቱ ከምግቡ ጋር እየተደባለቀ የሚያልፍበትን ዕድል ይጨምራልና።

ስለ አሰር ወይም ፋይበር የሚነገረው ነገር እውነትነት አለው፤ ነገር ግን ከሚገባው በላይ ይጋነናል። «ለፀጉር ጥቅል» ተብለው የሚሸጡ ደረቅ ምግቦች የሚሠሩት በአሰር ብዛት ነው፤ ሲሊየም የተባለውን የዘር ቅርፊትና ሴሉሎስ የያዘ ምግብ ረጅም ፀጉር ባላቸው ድመቶች ላይ በሰገራ የሚወጣውን የፀጉር መጠን እንደሚጨምር በጥናት ታይቷል። በአጭር ፀጉር ድመቶች ላይ ጥቅሙ ይህን ያህል ግልጽ አይደለም። ቤት ውስጥ መሞከር ከፈለጉ ምንም ጣፋጭም ሆነ ማጣፈጫ ያልተጨመረበት ንጹሕ ሲሊየም፣ በቀን ከሩብ የሻይ ማንኪያ ሳይበልጥ፣ በብዙ ውኃ ዘፍዝፈውና ካበጠ በኋላ ከእርጥብ ምግቧ ጋር ቀላቅለው ይስጧት። ደረቁን በምግብ ላይ መነስነስ አደገኛ ነው፤ ሲሊየም ውኃ ስቦ የሚያብጥ ነገር ስለሆነ ውኃውን ከአንጀቷ ሊወስድና ድርቀቱን ሊያብስባት ይችላል። ውኃ በበቂ ለማትጠጣ፣ የኩላሊት በሽታ ላለባት ወይም ከባድ የሆድ ድርቀት ለሚያሠቃያት ድመት ያለ ሐኪም ምክር አይሰጥ።

የተቀቀለ ዱባም በብዛት ይመከራል። ያለ ጨው፣ ያለ ስኳርና ያለ ቅመም እስከሆነ ድረስ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ከምግቧ ጋር መስጠት አይጎዳም። ከእሱ ብዙ መጠበቅ ግን አይገባም፤ ዱባ አብዛኛው ክፍሉ ውኃ ነው፣ በአንድ የሻይ ማንኪያ ውስጥ ያለው አሰርም ከሩብ ግራም አይደርስም። የገብስ፣ የስንዴ ወይም የአጃ ቡቃያ በሳህን አብቅሎ ማቅረብም እንዲሁ ጉዳት የለውም፤ ድመቶች በተፈጥሯቸው ሣር መብላት ይወዳሉ። በዚህ አጋጣሚ ቤት ውስጥ ሊሊ የተባለው አበባ ካለ ያስወግዱት፤ ቅጠሉም፣ አበባውም፣ የማስቀመጫው ውኃ ሳይቀር የድመትን ኩላሊት ያጠፋል።

ወደ ዘይቱ ልመለስ፣ ምክንያቱን ሳልገልጽ ይቅር ማለቴ በቂ አይደለምና። የወይራ ዘይት፣ ቅቤ፣ የኮኮናት ዘይት፣ ከቆርቆሮ ዓሣ የሚቀዳ ዘይት ሁሉም ምግብ ናቸው። ወደ ትንሹ አንጀት እንደደረሱ በሐሞትና ከቆሽት በሚመነጩ ፈሳሾች ተፈጭተው ወደ ደም ይገባሉ፤ ፀጉሩን አብሮ የሚያንሸራትት ቅባት ሆኖ የሚዘልቅ ነገር አይቀርም። የሚቀረው ትርፍ ውፍረት ነው፣ መጠኑ ከበዛም ተቅማጥና ማስመለስ ይከተላል። ይህ ጥቅም የለሽነታቸው ነው፤ አደጋው ደግሞ በሲሪንጅ ሲሰጡ ይመጣል። ዘይት ለስላሳና ጉሮሮን የማይቆረቁር በመሆኑ ወደ ሳንባ የሚወስደውን ቧንቧ ሲነካ እንደ ውኃ ሳል ላይቀሰቅስ ይችላል። ድመቷ ስትታገል የተወሰነው ሳታስለው ወደ ሳንባዋ ይንቆረቆራል፣ ሳንባም ዘይትን ማስወገድ ስለማይችል ከባድ የሳንባ ብግነት ይከሰታል። ፈሳሽ ፓራፊን ወይም የማዕድን ዘይት የሚባለው በዚህ ረገድ ከሁሉ የባሰ ነው፤ ጣዕምም ሽታም የለውምና። ስለዚህ የትኛውም ዓይነት ፈሳሽ ዘይት፣ በየትኛውም መጠን፣ በሲሪንጅም ሆነ በማንኪያ ወደ አፏ አይጨመር።

ቫዝሊን የሚለየው በሁለት ነገር ነው። ከነዳጅ የሚገኝ ስለሆነ አንጀት አይፈጨውም፣ እንደገባ ያልፋል፤ ወፍራም ስለሆነም ወደ ሳንባ የመግባት ዕድሉ አነስተኛ ነው። በየእንስሳት መድኃኒት ቤቱ ለፀጉር ጥቅል ተብለው የሚሸጡት ብዙዎቹ ቅባቶች መሠረታቸው ይኸው ነው፣ ጣዕም ተጨምሮባቸው። ለአዋቂ ጤነኛ ድመት ግማሽ የሻይ ማንኪያ ያህል፣ ለሁለት ወይም ለሦስት ቀናት በቀን አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ካስፈለገ በሳምንት አንድ ጊዜ መስጠት ይቻላል። ጠረን፣ ሜንቶል ወይም ካምፎር ያልገባበት ንጹሕ ነጭ መሆን አለበት፤ ለጉንፋን የሚቀቡት ቅባቶች ለድመት መርዝ ናቸው። በጣትዎ ያቅርቡላትና ራሷ ትላሰው፣ ካልፈለገች ከፊት እግሯ ላይ በስሱ ይቀቡላት፣ አፏን ከፍተው ግን አያጉርሷት። ከምግብ ሰዓት ራቅ አድርገው ይስጡ፤ ከምግብ ጋር ሲገባ ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ የተባሉት በስብ የሚሟሙ ቫይታሚኖች እንዳይወሰዱ ሊያግድ ይችላል፣ ለወራት በተከታታይ መስጠትም በዚሁ ምክንያት አይገባም። ለግልገል፣ ለምታስል፣ ደጋግማ ለምታስመልስ ወይም መብላት ላቆመች ድመት ፈጽሞ አይሰጥ። የሥራው ማስረጃ ከልማድ ያለፈ እምብዛም ስለሌለው እኔ በግሌ የማዝዘው ማበጠሩና አመጋገቡ በደንብ ተይዘው ሳለ ጥቂት እርዳታ ሲያስፈልግ ብቻ ነው።

ወተትን በተመለከተ አብዛኞቹ አዋቂ ድመቶች ላክቶስ የተባለውን የወተት ስኳር የሚፈጨው ኢንዛይም ቀንሶባቸዋል፤ ወተት ሲጠጡ ተቅማጥ ይይዛቸዋል። ይህን ተቅማጥ «ሆዷን አጠበላት» ብሎ መረዳት ስሕተት ነው፤ ተቅማጡ ፀጉሩን ሳያወጣ ውኃዋን ብቻ ያሳጣታል። ጥያቄዎ ውስጥ ባይነሡም እሬት፣ የጉሎ ዘይት፣ ለሰው የተዘጋጁ የሚያስቀምጡ መድኃኒቶች በሙሉ ይከልከሉ። ፎስፌት የያዙት የሰው የፊንጢጣ ማጠቢያዎች ድመትን በሰዓታት ውስጥ ሊገድሉ ይችላሉ።

አሁን ምንም የማይወጣበት ትግል ላይ ልምጣ። ድመት የፀጉር ጥቅል ለማስመለስ ስትል ከንፈሯን ትልሳለች፣ ምራቅ ትውጣለች፣ ሆዷ በግልጽ ሲሸበሸብና ሲወጠር ይታያል፣ በመጨረሻም ፀጉር፣ አረፋ ወይም ምግብ ይወጣል። እርስዎ የገለጹት ግን፣ አጎንብሳ አንገቷን ዘርግታ ስትታገል ቆይታ ምንም አለመውጣቱ፣ የሳል መልክ አለው። የድመት አስም በትክክል በዚህ መልክ ይታያል፤ ሳሉ ሲያበቃ ምራቅ ስለምትውጥ ባለቤቱ «ፀጉሩ ተመለሰባት» ብሎ ያስባል፣ በሽታውም ለዓመታት ሳይታከም ይቆያል። አስም ከሆነ ቅባቱም አሰሩም አንዳች አይፈይዱም፣ ዘይቱማ ባለበት ሳንባዋ ላይ ሌላ ሸክም ነው። በመግለጫ ብቻ ሁለቱን መለየት ለሐኪምም ይከብዳል፤ ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ሲይዛት ከመነሻው እስከ መጨረሻው በስልክዎ በቪዲዮ ይቅረጹት፣ ደረቷና ሆዷ በሚታዩበት በጎን በኩል። ተኝታ እያለችም በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደምትተነፍስ ይቁጠሩ፤ በእንቅልፍ ላይ ከ30 በላይ ከሆነ ለሐኪሙ ይንገሩ። አፏን ከፍታ የምትተነፍስ ከሆነ ቀጠሮ አይጠብቁ።

ሳይዘገዩ ወደ ሕክምና ሊወስዷት የሚገቡባቸው ሌሎች ሁኔታዎችም አሉ። ለማስመለስ ደጋግማ ታግላ ካልወጣላትና ምግብ ከተወች፣ ለአንድ ሙሉ ቀን ምንም ካልበላች፣ የዋጠችውን ውኃ እንኳ ከመለሰች፣ ሆዷ ከተነፋ ወይም ሲነካ ካመማት፣ ሰገራ ካቆመች፣ ከተደበቀችና ከፈዘዘች ፀጉሩ አንጀቷን ዘግቶት ሊሆን ይችላል። ይህ ብዙ ጊዜ የማያጋጥም ቢሆንም ሲያጋጥም በቀዶ ሕክምና ካልወጣ ይገድላል፤ በዚህ ሁኔታ ላይ ያለች ድመትን በቫዝሊንም ሆነ በሚያስቀምጥ ነገር ለማከም መሞከር ውድ ጊዜ ማባከን ነው። ከአፏ ወይም ከፊንጢጣዋ ክር ተንጠልጥሎ ካዩ አይጎትቱት፣ ሌላው ጫፉ ውስጥ ተይዞ ከሆነ አንጀቷን ይቀድዳልና።

የእርስዎ ድመት እየበላችና እየተጫወተች ስለሆነ ሌሊቱን የሚያስሮጥ ነገር አይታየኝም፤ ነገር ግን በአንድ ወር ውስጥ የመጣው ለውጥ ምርመራ ይገባዋልና በዚህ ሳምንት ቀጠሮ ይያዙላት። ማበጠሩንና በእርጥብ ጨርቅ መጥረጉን ከዛሬ ይጀምሩ፣ የቁንጫውንም ምርመራ እንዲሁ። ምግቧን ግን ከሐኪሙ ጋር ከመነጋገርዎ በፊት አይለውጡ፤ ምግብ አለመስማማት ከተጠረጠረ ከዚህ ቀደም በልታው በማታውቀው የሥጋ ዓይነት የተዘጋጀ የሙከራ ምግብ ሊታዘዝላት ስለሚችል አሁን ብዙ ዓይነት ምግብ መቅመስዋ ያንን ሙከራ ያበላሸዋል። ወደ ሐኪሙ ሲሄዱ ያስመለሰችበትን ቀን ሁሉ ጽፈው፣ ምን እንደወጣ ለይተው፣ ክብደቷን ቀድሞ ተመዝና ከነበረ ያንን ይዘው፣ ቪዲዮውንም ጨምረው ያቅርቡ። የመጨረሻውን ጥቅል በላስቲክ ከረጢት አድርገው ቢወስዱትም መልካም ነው፤ ጥቅሉ ፀጉር ብቻ መሆኑንና ያልተፈጨ ምግብ ወይም ደም የተቀላቀለበት መሆን አለመሆኑን ሐኪሙ አይቶ ይለያል።